«ኮምፒውተሬ ላይ ይሠራል እኮ!»፦ ኤችዲ ቪዲዮ ለማጫወቻ ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ሰው ፍላሽ ይዞ ሲመጣ ገና አፉን ሳይከፍት ችግሩን መገመት ከጀመርኩ ቆየሁ። «ድምፁ ይሰማል፣ ምስል የለውም» የሚል አለ። «ምስሉ አለ፣ ድምፅ የለውም» የሚልም አለ። «መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር፤ እየቆየ ግን አፋቸውና ድምፃቸው ተለያየ» የሚለው ሌላው ነው። «ሰው እጁን ሲያወዛውዝ እጁ ማበጠሪያ ይመስላል» የሚለውን ደግሞ ስንቴ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ሁሉም የሚያሳርጉት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ኮምፒውተሬ ላይ ይሠራል እኮ!»

እነዚህን ስህተቶች በሰው ፋይል ላይ ብቻ አይደለም ያየኋቸው። አብዛኞቹን በገዛ እጄ ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ሁለት ጊዜ። ስቆጣ ብታዩኝ ግማሹ ቁጣ በራሴ ላይ ነው።

ኮምፒውተርን ምስክር ማድረግ

ኮምፒውተር ላይ የምንጠቀምባቸው እንደ ቪኤልሲ ያሉ ማጫወቻዎች ቪዲዮን በሶፍትዌር መፍታት ይችላሉ። ፕሮሰሰሩ ጉልበት እስካለው ድረስ የቀረበለትን ሁሉ ይፈታል፤ ፋይሉ ጉድለት ቢኖረው እንኳ ሸፋፍኖ ያልፈዋል። ከቲቪው ሥር የምትቀመጠው ትንሽ የማጫወቻ ሣጥን ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ቪዲዮውን የምትፈታው ለዚሁ ሥራ በተሠራ ቺፕ ነው። ቺፑ ሲፈበረክ የተሰጠውን ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈ ሲመጣበት አይታገልም። ወይ ጥቁር ስክሪን ያሳያችኋል፣ ወይ በየሦስት ሰከንዱ ይንተባተባል።

ስለዚህ ኢንኮድ ከማድረጋችሁ፣ ማለትም ቪዲዮውን ጨምቃችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የማጫወቻውን መመሪያ ክፈቱ። የምትፈልጉት መረጃ ግማሽ ገጽ አይሞላም፦ የትኞቹን ኮዴኮች (የመጨመቂያ ዘዴዎች) ይፈታል፣ እስከ የትኛው ፕሮፋይልና ሌቭል (የኮዴኩ የአቅም ደረጃዎች)፣ ከፍተኛው ሪዞሉሽን ስንት ነው፣ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ይችላል፣ የትኞቹን የድምፅ ዓይነቶች ያውቃል፣ ፍላሹስ በምን ፎርማት ይሁን። ከዚያ ሚዲያኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይላችሁን ከፍታችሁ ሁለቱን አስተያዩ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አምስት ደቂቃ ነፍጎ ስምንት ሰዓት ኢንኮድ ሲያደርግ ላደረ ሰው ማዘን ያቅተኛል።

መያዣውን ከይዘቱ ጋር ማምታታት

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ፣ ቲኤስ የሚባሉት የመያዣ ስሞች ናቸው፤ ኮንቴነር ይሏቸዋል። ውስጣቸው ያለው ምስል ደግሞ በኮዴክ የተጨመቀ ነው፦ በ2003 የጸደቀው ኤች.264፣ ከ10 ዓመት በኋላ በ2013 የተከተለው ኤች.265፣ ወይም ሌላ። ድምፁም የራሱ ኮዴክ አለው። አንድን የኤች.264 ምስል ዛሬ ኤምኬቪ ውስጥ፣ ነገ ኤምፒ4 ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ አትለወጥም። ልብስን ከአንድ ሻንጣ ወደ ሌላ ሻንጣ ማዛወር ነው።

«ማጫወቻዬ ኤምኬቪ አይቀበልም» ያለ ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ኮንቨርተር የሚል ስም ያለው ፕሮግራም ያወርዳል፣ ትልቁን ቁልፍ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ እንደበራ ያድራል። ጠዋት ኤምፒ4 ያገኛል። ምስሉ ግን ደፍርሷል፤ ጨለማ ትዕይንቶች ላይ ካሬ ካሬ ነገር ይታያል፤ አንዳንዴም ፋይሉ ከበፊቱ ገዝፏል። ሻንጣ መቀየር ፈልጎ ልብሱን በሙሉ ቀዶ እንደገና አሰፋ ማለት ነው።

ለምን ይደፈርሳል? እነዚህ ኮዴኮች የሚጨምቁት ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር እየጣሉ ነው፤ የተጣለው ደግሞ አይመለስም። ሁለተኛው ኢንኮደር የሚያየው ዋናውን ቀረጻ ሳይሆን ከመጀመሪያው መጨመቅ የተረፈውን ነው። የመጀመሪያውን ጉድለት እንደ ምስል ቆጥሮ እሱን ለመጠበቅ ቢት ያባክናል፤ በላዩም የራሱን ጉድለት ይደርባል። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ለማንበብ የሞከረ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ትክክለኛው መንገድ ሪመክስ ይባላል፤ ይዘቱን ሳይነኩ መያዣውን ብቻ መቀየር ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም የሚያውቅ ሰው ኮዴኩን «ኮፒ» አድርገው ብሎ ያዝዘዋል፤ አለቀ። ወደ ኤምኬቪ መክተት የፈለገ ደግሞ ኤምኬቪቱልኒክስ የሚባል ፕሮግራም አለለት። የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ዲስኩ በሚጽፍበት ፍጥነት ይዘዋወራል፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ሃንድብሬክ ግን ለዚህ አይሆንም። ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ነገር ግን ድምፁን እንዳለ ማሳለፍ ቢችልም ምስሉን ሁልጊዜ እንደገና ኢንኮድ ያደርጋል። «ሃንድብሬክ ላይ ጥራቱን እስከ ጥግ ገፍቼ ሪመክስ አደረግሁት» ያለኝን ሰው ቁጥር ረስቼዋለሁ። አላደረግኸውም ወንድሜ።

ማጫወቻው እምቢ ያለው ድምፁን ብቻ ከሆነ ደግሞ ድምፁን ብቻ ቀይሩ፤ ምስሉ ኮፒ ሆኖ ይለፍ። በድምፅ ምክንያት ምስል ኢንኮድ የሚያደርግ ሰው ጫማው ስለጠበበው ሱሪውን እንደሚያስረዝም ነው።

ሌላ አንድ ወገን ደግሞ አለ፦ የፋይሉን ስም ብቻ ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 የሚለውጥ። እሱ ላይ አልቆጣም፤ ቢያንስ ምስሉን አላበላሸም።

ከሪመክስ በፊት የምትጠነቀቁት አንድ ነገር ኤምፒ4 ሁሉን እንደማይሸከም ነው። ከብሉሬይ የሚመጡት በሥዕል መልክ የተቀመጡ ሰብታይትሎች ወደ ኤምፒ4 አይገቡም፤ በጽሑፍ መልክ ያሉትም ወደ ራሱ ዓይነት መለወጥ አለባቸው።

ሌቭልን ጌጥ ማድረግ

«ፋይሉ ኤች.264 ነው፤ ማጫወቻው ላይም ኤች.264 ይላል። ታዲያ?» ታዲያማ ኤች.264 አንድ ነገር አይደለም። ብዙ የኤችዲ ማጫወቻዎች የተሠሩት ሃይ ፕሮፋይል ሌቭል 4.1ን ጣሪያ አድርገው ነው፤ ብሉሬይ ዲስክም ያው ጣሪያ አለበት። ሌቭል 4.1 በ1920 በ1080 ምስል ላይ ከ4 በላይ ማጣቀሻ ፍሬም (ቺፑ ሌሎቹን ፍሬሞች ለመሥራት የሚያስታውሳቸው) አይፈቅድም፤ በ1280 በ720 ላይ እስከ 9 ይፈቅዳል። ኤክስ264 በሚባለው የኤች.264 ኢንኮደር ላይ «ቬሪስሎው» የሚለውን ቅንብር መርጣችሁ ሌቭሉን ዝም ካላችሁት 16 ማጣቀሻ ይይዛል፤ የ1080 ፋይላችሁም ሌቭል 5.1 ሆኖ ይወጣል። ኮምፒውተር አይሰማውም። ሣጥኗ ግን 4 ፍሬም ብቻ በሚይዝ ማኅደር 16 አስታውሺ ስትባል ምስሉን ትበጣጥሰዋለች።

ሌቭሉን ከመጀመሪያው 4.1 በሉት። የማጣቀሻውን ቁጥር እናንተ በግድ ካልወሰናችሁ ኤክስ264 ራሱ ዝቅ ያደርገዋል።

እኔ ግን ድሮ ብልጥ ነበርኩ። ባለ 16 ማጣቀሻ ፋይል አልጫወት ሲለኝ እንደገና ኢንኮድ ማድረግ ሰነፍኩና ፋይሉ ላይ የተጻፈውን የሌቭል ቁጥር ብቻ በአንድ መሣሪያ 4.1 ብዬ ቀየርኩት። ማጫወቻዋ አምናኝ ተቀበለችው። ሃያ ሰከንድ ያህል አማረ። ከዚያ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴ ካሬነት ተለወጡ።

10 ቢትም፣ ማለትም ቀለምን ከተለመደው 8 ቢት በበለጠ ዝርዝር መመዝገብ፣ ከዚሁ መንደር ነው። በ10 ቢት የተጨመቀ ኤች.264 ኮምፒውተር ላይ ያምራል፤ የሚፈታው ቺፕ ግን ከስንት አንድ ነው። 10 ቢት የግድ ካስፈለጋችሁና ማጫወቻው ከቻለ በኤች.265 «ሜይን 10» አድርጉት፤ እሱን የሚያውቁት ብዙ ናቸው።

ኢንተርሌስድ ቪዲዮን መጀመሪያ ማሳነስ

ከቆየ ካምኮርደር ወይም ከቲቪ ሥርጭት የመጣ ፋይል ላይ ሚዲያኢንፎ «ኢንተርሌስድ» ካላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እንዲህ ባለው ቪዲዮ አንድ ፍሬም አንድ ቅጽበት አይደለም፤ ሁለት ቅጽበት ተጠላልፎ ነው። 1ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው መስመር እያለ የሚሄደው ግማሽ አንድ ቅጽበት ነው፤ 2ኛው፣ 4ኛውና 6ኛው እያለ የሚሄደው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ የተቀረጸ ሌላ። በሰከንድ 25 ፍሬም ይባል እንጂ ውስጡ 50 ግማሽ ሥዕሎች አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ስታሳዩአቸው የሚንቀሳቀሰው ነገር ጠርዝ ማበጠሪያ ይሆናል።

ማበጠሪያው እንዳለ ቢቀር ይሻላል፤ የምሬን ነው። ፋይሉ ላይ ኢንተርሌስድ መሆኑ እስከተመዘገበ ድረስ ብዙ ማጫወቻና ቲቪ ራሱ ያስተካክለዋል፤ ባያስተካክለውም ነገ እናንተ ታስተካክሉታላችሁ። የማይድነው መጀመሪያ ያሳነሱት ነው። 1080ው ወደ 720 ሲያንስ ፕሮግራሙ ጎረቤታም መስመሮችን ያዋህዳል፤ ሁለቱ ቅጽበቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀልጣሉ። ከዚያ በኋላ ሊለያያቸው የሚችል ማጣሪያ የለም። ዲኢንተርሌስ (የተጠላለፉትን ግማሾች መለያየት) ይቀድማል፣ መጠን መቀየር ይከተላል። እዚህ ላይ እኔ ያደረስኩትን ጥፋት ወደ ኋላ አመጣዋለሁ።

ዲኢንተርሌስ ስታደርጉም 25 ፍሬም አድርጋችሁ ግማሹን እንቅስቃሴ አትጣሉ። ያዲፍ የሚባለው ማጣሪያ ከእያንዳንዱ ግማሽ ሥዕል አንድ ሙሉ ፍሬም እንዲያወጣ ቢታዘዝ 50 ፍሬም ይሰጣችኋል፤ ኳስና ጭፈራ ላይ ልዩነቱ ዓይን ይስባል። ግን ሌቭሉን አትርሱ፦ 1080 በ50 ፍሬም ሌቭል 4.2 ይጠይቃል። ማጫወቻችሁ 4.1 ላይ የሚቆም ከሆነ 720 በ50 ፍሬም አድርጉት፤ በምቾት ይገባል። ለሚንቀሳቀስ ነገር እኔ ከ1080 በ25 ይልቅ 720 በ50 እመርጣለሁ፤ የማይስማሙ አሉ፣ ይኑሩ።

ኢንተርሌስድ ያልሆነውን «ለማንኛውም» ብሎ ዲኢንተርሌስ ማድረግም ስህተት ነው። ደህናውን ምስል በነፃ ማደብዘዝ።

«24 እና 23.976 ያው ነው»

ድምፅና ከንፈር ተለያዩ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ይሄዳል? እኩል ከሆነ ድምፁን በዚያው ልክ ገፋ ወይም ሳብ ማድረግ ነው፤ ሪመክስ ላይ ያልቃል። እየሰፋ ከሄደ ግን አንድ ሰው ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚታዩትን ፍሬሞች ቁጥር) ነካክቷል።

በሰከንድ 24 ፍሬም የሚባለው ብዙ ጊዜ 23.976 ነው፤ በትክክል 24000 ለ1001 ሲካፈል። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ከሺህ አንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ 7 ሰከንድ ይሆናል። ተዋናዩ ተናግሮ፣ በር ዘግቶ ከወጣ በኋላ ንግግሩ ባዶ ክፍል ውስጥ ይሰማል። 29.97ትም እንዲሁ 30 አይደለም። ምንጩ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ተዉት፤ «ላስተካክለው» የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ ከኮምፒውተሩ ተነሥታችሁ ትንሽ ተንሸራሸሩ።

የስልክ ቀረጻ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ብዙ ስልኮች ፍሬም ሬታቸው ወጥ አይደለም፤ ብርሃን ሲያንስ ቁጥሩን ይቀንሳሉ፣ ሲበዛ ይመልሱታል። አንዳንድ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ይህን አይወዱም። ወደ ኤዲቲንግ ከመግባቱ በፊት ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት ለውጡት።

ለሁሉም አንድ ቢትሬት

ዝምብሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ሰውና ዝናብ ውስጥ የሚሮጥ ሕዝብ እኩል ቢት አያስፈልጋቸውም። ለሁለቱም አንድ ቢትሬት፣ በሰከንድ 8 ሜጋቢት፣ የሰጠ ሰው ለአንዱ አባክኗል፣ ለሌላው ነፍጓል። ኤክስ264 ላይ ሲአርኤፍ የሚባለው አሠራር ጥራቱን ይዞ ቢቱን እንደ ትዕይንቱ ይመጥናል። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፤ ይህንን ገልብጦ የተረዳ ሰው 40 አስገብቶ «ከፍተኛ ጥራት» ብሎ ሲልክልኝ ምን ልበለው? ካልነካችሁት 23 ነው፤ እኔ ለኤችዲ ከ18 እስከ 20 እጀምራለሁ። የኤች.265 ኢንኮደር በሆነው ኤክስ265 ላይ ካልተነካ 28 ነው፤ የሁለቱን ቁጥሮች አታወዳድሩ፣ ሚዛናቸው የተለያየ ነው።

ነገር ግን ሲአርኤፍን ልጓም ሳያበጁለት አይለቁትም። የባሕር ሞገድ ወይም ርችት ሲመጣ ቢትሬቱ ለጥቂት ሰከንዶች ወደ ላይ ይፈነጠራል፤ በዋይፋይ የሚያይ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ይቆምበታል፣ ራውተሩንም ይወቅሳል። ከፍተኛውን ቢትሬትና የማቆያውን (የበፈሩን) መጠን ሁለቱንም ወስኑ፤ አንዱ ብቻውን አይሠራም።

አጫጭሮቹ

ዲቪዲ ጥራት ያለውን ቪዲዮ ወደ 1080 ማሳደግ፦ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ቲቪው ራሱ ያሳድገዋል፤ እናንተ ያተረፋችሁት ትልቅ ፋይል ብቻ ነው።

«ዲስኩ ባዶ ነው፣ ፋይሉን ግን ቦታ የለም ብሎ አይቀበልም»፦ ፍላሹ ፋት32 ነው። ፋት32 ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ሊበልጥ አይችልም፤ በትክክል 4,294,967,295 ባይት። ሁለት ሰዓት በ8 ሜጋቢት ደግሞ 7.2 ጊጋባይት ነው። ማጫወቻው ኤክስፋት ከተቀበለ ፍላሹን ወደዚያ ፎርማት አድርጉት፤ ካልተቀበለ ፋይሉን ክፈሉት። ፎርማት ማድረግ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን አልቅሰው የመጡ አሉ።

የኤችዲአር (ሰፊ የብርሃን ክልል ያለው) ቪዲዮን ቶን ማፒንግ (ብርሃኑን ለተራ ስክሪን መመጠን) ሳያደርጉ ወደ ተራ 8 ቢት መለወጥ፦ ሁሉ ነገር አመድ የተነፋበት ይመስላል።

1440 በ1080 የሆነ የካሜራ ፋይል፦ አትደንግጡ፣ ነጥቦቹ ወደ ጎን የሚለጠጡ ናቸው፤ ሲለጠጡ 1920 ይሆናሉ። ይህን መረጃ የማያነብ ማጫወቻ ላይ ግን ሰው ሁሉ ቀጭን ይሆናል።

«ፕላሲቦ» የሚለውን የኤክስ264 ቅንብር መምረጥ፦ ስሙን አንብቡት፤ የማስመሰያ መድኃኒት ማለት ነው።

በግራፊክስ ካርድ ኢንኮድ ማድረግ ስህተት አይደለም፤ ፈጣን ነው። በዘገምተኛ የኤክስ264 ቅንብር የምታገኙትን ጥራት በዚያው መጠን መጠበቅ ነው ስህተቱ።

ኤምፒ4ን በኔትወርክ የምታጫውቱ ከሆነ ማውጫውን ወደ ፋይሉ መጀመሪያ የሚያመጣውን «ፋስት ስታርት» አብሩት። ካልሆነ ማጫወቻው ገና ከጅምሩ ማውጫ ፍለጋ እስከ ፋይሉ ጭራ መሄድ አለበት።

ድምፁን ለመጨረሻ መተው

«ምስል አለ፣ ድምፅ የለም» ሲሉኝ አሥር ጊዜ ብገምት ዘጠኙን ዲቲኤስ የሚባለው የድምፅ ኮዴክ ነው እላለሁ። ብዙ ቲቪዎችና ማጫወቻዎች ዲቲኤስን አይፈቱም፤ ፈቃዱ ይከፈልበታላ። ወደ ኤሲ3 (ዶልቢ ዲጂታል) መለወጥ ነው፤ እስከ 640 ኪሎቢት ድረስ ስጡት፣ ምስሉን አትንኩ። ለጥንቃቄ ያህል ሁለት ቻናል ያለው ኤኤሲ እንደ ሁለተኛ ትራክ ብትጨምሩ ማንም አይቸገርም።

ባለ ስድስት ቻናሉን የ5.1 ድምፅ ወደ ሁለት ቻናል ስታወርዱ ደግሞ አድምጡት። ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው መካከለኛው ቻናል ውስጥ ነው፤ ቅልቅሉ ላይ እሱ ካነሰ ፍንዳታው ጎረቤት ይቀሰቅሳል፣ ንግግሩ ግን ሹክሹክታ ይሆናል።

የአማርኛ ሰብታይትል

ለዚህ ክፍል ልቤ ይራራል። አማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚደርስበትን ፈተና የፕሮግራሞቹ ሠሪዎች እምብዛም አያስቡትም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጀማሪን አልቆጣም።

ጽሑፉ አልታይ ሲል ምን እንደታየ ንገሩኝ። ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ፋይሉ ደህና ነው፤ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ፎንት የለውም ማለት ነው። የተደባለቀ የላቲን ዝባዝንኬ ከታየ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ (ኢንኮዲንግ) የተቀመጠ ሆኖ ማጫወቻው በሌላ አነበበው ማለት ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሆነ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ምልክት ይተፋል። የማጫወቻውን የሰብታይትል ኢንኮዲንግ ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሩት። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ግን እግዜር ያጽናችሁ፤ ፋይሉ ሲቀመጥ ኤኤንኤስአይ (ግዕዝን የማያውቅ የቆየ አመዘጋገብ) ተብሎ ስለተቀመጠ ፊደሎቹ ጠፍተዋል፣ እንደገና መጻፍ ነው። አንድ አራተኛም አለ፦ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የነበሩ ፎንቶች ፊደሎቹን በላቲን ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነሱ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ ሲነሣ እንግሊዝኛ የሚመስል ትርጉም የለሽ ነገር ይሆናል፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

ሌላው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። በኤስአርቲ (የሰብታይትል ጽሑፍ) ፋይል ውስጥ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ የሚለዩት በተራው ባለ ሁለት ነጥብ ምልክት (:) ነው። አማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆናችሁ ስትጽፉት የቃል መለያው ሁለት ነጥብ (፡) ይገባል፤ ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለማጫወቻው ግን ሰማይና ምድር። እኔ በዚህ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቃጥያለሁ። ተራ ቁጥሩን ፩፣ ፪፣ ፫ ብሎ በግዕዝ የጻፈ ልጅም አጋጥሞኛል። አደነቅሁት። ማጫወቻው ግን አላደነቀውም።

የማጫወቻው ፎንት ሊቀየር ካልቻለ ጽሑፉን ምስሉ ላይ ማተም ግድ ነው። ይህ ምስሉን እንደገና ኢንኮድ ከሚያስደርጉ ጥቂት እውነተኛ ምክንያቶች አንዱ ነው። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያለ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት በስሙ ምረጡ፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር ቅርጽ አድርጉለት፣ አለዚያ ነጭ ግድግዳ ላይ ይጠፋል። ያልታተመበትንም ቅጂ አስቀምጡ፤ ከታተመ በኋላ የፊደል ግድፈት ሲገኝ ማየት ያማል፣ ሁልጊዜም ይገኛል።

ሳያዩ ኦሪጅናሉን ማጥፋት

ሙሉውን ከመጀመራችሁ በፊት እንቅስቃሴ የበዛበትንና የጨለመውን ቦታ መርጣችሁ አንድ ደቂቃ ቆርጣችሁ ኢንኮድ አድርጉ፤ በዚያው በራሱ ማጫወቻ፣ በዚያው በራሱ ቲቪ ላይ እዩት። መጀመሪያውን አንድ ደቂቃ አትውሰዱ። መጀመሪያ ላይ ርዕስ ነው ያለው፤ ርዕስ አይንቀሳቀስም።

ይህን የማውቀው በእህቴ የምረቃ ቀረጻ ነው። 1080 ኢንተርሌስድ ነበር። እኔ 720 ይበቃል ብዬ መጀመሪያ አሳነስኩት፤ ዲኢንተርሌሱ ከዚያ ተከተለ። ላፕቶፕ ላይ ሁለት ደቂቃ አየሁት፤ ሰዎች ተቀምጠው ንግግር ይሰማሉ፣ ማንም አይነቃነቅም፣ ምስሉ እንደ መስተዋት ነው። የካሜራውን ካርድ አጸዳሁና ሌላ ነገር ቀረጽኩበት። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቲቪው ላይ ስንከፍተው ጭብጨባው ሲጀመር አዳራሹ በሙሉ አራት አራት እጅ አወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ሦስት ሌሊት ያልሞከርኩት ማጣሪያ የለም።

ፋይሉ እስካሁን አለ። 47ኛው ደቂቃ ላይ ኮፍያዎቹ ወደ ላይ ሲወረወሩ እያንዳንዱ ኮፍያ ሁለት ሆኖ ይወጣል። እህቴ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ሳትዞር «የኛ ዓመት ተመራቂ ብዙ ነበር» ትላለች።